ከቱቦው ግርጌ

ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ ነበረበት። እናቴ በሽታውን እኔ እንድነቅልለት ትጠብቅ ነበር። የአንጎል ሴል የምታጠና ልጅ እያለቻት እንዴት መድኃኒቱ ይጠፋል?

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ከምናሳድጋቸው የአንጎል ደጋፊ ሴሎች የስኳር ቅንጣት መለየት ነው። እነዚህ ሴሎች ስኳሩን ለጎረቤቶቻቸው ለነርቭ ሴሎች ስንቅ አድርገው ይቋጥራሉ። በሽታው ስንቁን ምን እንደሚያደርገው ለማወቅ ሴሎቹን በረዶ ላይ እፈጫለሁ፤ ከዚያ በማሽን ሳሽከረክራቸው ከባዱ ቅንጣት ቱቦው ግርጌ ይዘቅጣል። ከሞቁ ግን ሴሎቹ ራሳቸው ስንቁን ይጨርሱትና ባዶ ቱቦ ታቅፌ እቀራለሁ። ለእናቴ እንደ ጠላ አተላ ነው አልኳት። ለአተላ ነው እንዴ ይህን ሁሉ የተማርሽው ብላ ሳቀችብኝ።

ወንድሜ ክኒኑን እየዋጠ ደህና ከርሞ ነበር። ጠበል ሲጀምርም አልከፋኝም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ነገር ግን አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን ክኒንና ጠበል አብረው አይሄዱም ብለው እናቴን አሳመኗት። ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ ክኒኑን ድንገት ማቆም ይገድለዋል አልኩ። እናቴም እሺ አለችኝ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ለወትሮው የሚጠፋው መብራት አልጠፋም፤ በረዶውም አልቀለጠም። ቱቦው ግርጌ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነጣ ያለች ነገር አየሁ። ለወራት ያጣኋት እሷን ነበር። ደስ ብሎኝ ወጥቼ፣ እንደ ደንቡ ውጭ የተውኩትን ስልኬን አነሳሁ። እናቴ ደጋግማ ደውላለች።

ወንድሜን ከጠበል ሲመለስ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ታክሲ ውስጥ ጣለው። አንዱ መንዘፍዘፍ ሳይለቀው ሌላው እየተከተለበት ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ።

ለእናቴ ጥቁር ነጠላ ስፈልግ ክኒኖቹን ከቁም ሣጥኗ ውስጥ አገኘኋቸው። እሽጋቸው እንኳ አልተከፈተም። መልሼ ነጠላዎቹ ሥር አስቀመጥኳቸው። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም።

ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው ቀለል ሲል እናቴ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ያ አተላሽ… አገኘሽው?»

«አገኘሁት፣ እማዬ።»

«መድኃኒት ይሆነው ነበር?»

አይሆነውም ነበር። አተላው ለማንም ለመሆን ገና ስንት ዓመት ይቀረዋል፤ ይሆነው የነበረው ቁም ሣጥኗ ውስጥ ያለው ክኒን ነው። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አየሁት።

«ይሆነው ነበር» አልኳት። «እኔ ነኝ የዘገየሁት።»