ምኑ ነው የሚሄደው?

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ስፖንጅ» ነው የሚለው። ሶፋ ሠሪ ነው። ያረጀ ወንበር ጨርቁን ገፍፎ፣ የላላ ሽቦውን አጥብቆ፣ አዲስ ስፖንጅ አልብሶ እንደገና ሰው ያስቀምጥበታል። ሱቁ መንገድ ዳር ካለ ፎቅ ቤት ሥር ናት። ሲሠራ ትንንሽ ምስማሮች በከንፈሩ ስለሚይዝ፣ ሰላም የሚሉት ሁሉ መልሱን የሚያገኙት ከቅንድቡ ነው።

አንዲት ልጅ አለችው። ለትምህርት ጀርመን አገር ሄዳ እዚያው አገባች። ባለፈው ክረምት የባሏ አባት ሞተና እናቱ ብቻዋን ቀረች። ልጁ በስልክ ስትነግረው፣ ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ ትውላለች፣ ስለ ባሏም ለማንም አንድ ቃል አታወጣም።

ሶፋ ሠሪውን ነገሩ ከነከነው። ልጁ ታማ በተኛች ጊዜ ከአጠገቧ ያልተለየችው ይህች ሴት ናት። በልጁ በኩል ማጽናኛ ልኮላት ነበር፤ ግን በሰው አፍ የተላከ ማጽናኛ አንጀት አይደርስም ብሎ ያምናል።

ከሱቁ በላይ የቋንቋ ትምህርት ቤት አለ። የወንበሮቹ ስፖንጅ አልቆ ተማሪዎቹ እንጨት ላይ መቀመጥ ሲጀምሩ፣ የጀርመንኛ አስተማሪዋ ወንበር ተሸክማ ወደ ሱቁ ወረደች። ወጣት ናት፣ ሳቂታ። ቋንቋውን ልማር አላላትም። ለአንዲት የከበረች ሴት «እንዴት ነዎት?» ለማለት የሚበቃውን ብቻ እንድትሰጠው ለመናት።

«ቪ ጌት ኤስ ኢነን» አለችው።

መዶሻው ባረፈ ቁጥር አንድ አንድ ቃል እያለ እስከ ምሳ ሰዓት በቃሉ ያዘው። ግን ውስጡን ሳያይ ወንበር የማያለብስ ሰው ነው፤ አስተማሪዋ ስትመለስ ቃል በቃል እንድትፈታለት ጠየቃት።

«‹ቪ› እንዴት ነው፣ ጋሼ። ‹ጌት› ይሄዳል። ‹ኢነን› ለእርስዎ።»

«‹ኤስ›ስ?»

«እሱ እንበለው። ግን ወንድም ሴትም ያልሆነ እሱ።»

«እንዴት ይሄዳል ለእርስዎ» አለ ቀስ ብሎ። «ምኑ ነው የሚሄደው?»

«ምንም። ቦታ የያዘ ቃል ነው። በእነሱ ቋንቋ ግስ ያለ ባለቤት አይቆምም።»

እኛስ ያለ ባለቤት መቼ ቆምን ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ያቺ መስኮት ሥር የምትቀመጠው ሴት ትዝ አለችውና ሳቁን ዋጠው። ታዲያ ለምን በደፈናው «እንዴት ይሄዳሉ» አይባልም ሲላት፣ ሴትዮዋን እንደዚያ ከጠየቃት በአውቶቡስ ወይም በእግሬ ብላ እንደምትመልስለት ነገረችው። «ኢነን» ደግሞ በሌላ ቦታ «ለእነሱ» ማለት እንደሆነ አከለችለት፤ ጀርመኖች አንድን ሰው ሲያከብሩ እንደ ብዙ ሰው ነው የሚያናግሩት። ይሄኔ መዶሻውን አስቀመጠ። እኛም «እሳቸው መጡ» የምንለው ብቻቸውን ለመጡ ሰው ነው። ማን ከማን ሰማው?

«ኤስ» ግን ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረ ቀረ። የማይታይ፣ ስም የሌለው፣ ግን የሚሄድ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሚስቱን ጉንፋን ስለጣላት ሱቁን ዘግቶ ቤት ገባ። እስከ አፍንጫዋ ተሸፋፍና አገኛት።

«በረደኝ» አለችው።

ከቁም ሳጥኑ ብርድ ልብስ አውጥቶ ሊደርብላት ሲመጣ፣ ወለሉ መሃል ቆመ።

«ማነው?» አላት።

«ማን ማነው?»

«በረደኝ አልሽ። የበረደሽ ማነው?»

ከትራሷ ቀና ብላ አየችው። «አንተንም ጀመረህ እንዴ?»

«ይኸው፣ ጀመረህ አልሽኝ ደግሞ። ምኑ ነው የጀመረኝ?»

«መጀመሪያ ብርድ ልብሱን ስጠኝ» አለችው፣ «ከዚያ ታብዳለህ።»

አለበሳትና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ቃላቱ ተራ በተራ ይመጡለት ጀመር። አመመኝ። ራበኝ። ጨነቀኝ። ደስ አለኝ። «መታኝ» ሲል መቺ አለ፤ «ጠራኝ» ሲል ጠሪ አለ። «አመመኝ» ሲልስ? አድራጊው ማን እንደሆነ ማንም ጠይቆት አያውቅም፣ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። እሱ ራሱ ያለው ቃሉ ጭራ ላይ፣ በዚያች ትንሽ «ኝ» ውስጥ ነው። ጎረቤቱስ ቢሆን «ኑሮ እንዴት ይዞሃል?» አይደል የሚለው? ያዡ ኑሮ ነው፣ የተያዘው እሱ።

ከሩቅ የመጣ አሮጌ ወንበር ሲፈታ፣ ስሙን የማያውቀው ባለሙያ ልክ እሱ በሚያስርበት አኳኋን ሽቦውን አስሮ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ እጁ ሥራውን ይተዋል። አሁንም እንደዚያ ሆነ። እነዚያ ሰዎች በበረዷቸው ውስጥ፣ እኛ እዚህ፣ ሳንተያይ ኖረን፣ ሁለታችንም ሰው የራሱ ነገር አዛዥ እንዳልሆነ በሰላምታችን ውስጥ አስቀምጠነዋል። ስንት ዘመን በአፉ ይዞት ዞረ!

ለአስተማሪዋ ሲነግራት ደረጃው ላይ ቆማ ሰማችው። እዚያም «በረደኝ» ማለት ሲፈልጉ «ለእኔ ብርድ ነው» እንደሚሉ፣ ያቺ «ለእኔ» ደግሞ «ሚር» እንደምትባል ነገረችው።

እሁድ ልጁ ከባሏ እናት ቤት ደወለች። ሶፋ ሠሪው የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። በስልኩ መስኮት ነጭ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ያነባበረች ሴት ታየችው።

«ቪ ጌት ኤስ ኢነን?» አላት።

ምን እንደጠየቀ ያውቃል። ምን ትሠሪያለሽ፣ ምን ትሆኚያለሽ አላላትም። ያ ስም የለሽ ነገር በእሷ ዘንድ እንዴት እየሄደ እንደሆነ ነው የጠየቃት።

ሴትዮዋ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «ኤስ ጌት» አለች።

ልጁ ልታስተረጉም ስትል እጁን አነሳ። ይሄዳል ነው ያለችው። ጥሩ ነው አላለችም፣ መጥፎ ነውም አላለችም።

«ኡንት ኢነን?» ብላ መለሰችለት። ለእርስዎስ?

«ኤስ ጌት» አላት።

ፈገግ አለችና መናገር ጀመረች። ብዙ ተናገረች። ከዚያ ሁሉ የለየው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «ሚር»፣ «ሚር»። ለእኔ፣ ለእኔ። ቃሉን ሳይሆን ፊቷን እየተከተለ ራሱን ነቀነቀላት። ልጁ ከኋላ አፏን በእጇ ሸፍና ነበር።

በኋላ ልጁ ብቻዋን ደውላ፣ ሴትዮዋ ስለ ባሏ ስታወራ ስትሰማ የመጀመሪያዋ መሆኑን ነገረችው። ጫማው እስካሁን በሩ ሥር እንዳለ፣ ማንሳት እንዳቃታት ነው ያወራችው።

«ምን ብለሃት ነው፣ አባዬ?»

«ጠየቅኳት» አላት።

ከዚያ ወዲህ እሁድ በመጣ ቁጥር ይደውላሉ። ሴትዮዋ በተራዋ «እንዴት ነዎት?» ማለትን ተማረች። ባለፈው እሁድ ደግሞ በልጁ በኩል፣ ይህ «ነዎት» ምን እንደሆነ ልታውቅ እንደፈለገች ላከችበት።

ቀላል ነው ብሎ ጀመረ። ነዎት፣ ነሽ፣ ነህ፣ ነኝ። እዚህ ሲደርስ ቆመ። «ነዎት» ላይ ያለችው ያቺው የ«አመመዎት» «ዎት» ናት። «ነኝ» ላይ ያለችውም ያቺው የ«በረደኝ» «ኝ» ናት። እንግዲህ ሰው «ነኝ» ሲል እንኳ፣ ያለው ከቃሉ ጭራ ላይ ነው።

«አባዬ» አለች ልጁ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት። «ትሰማኛለህ?»

እየሰማት ነበር። ግን «ነኝ»ን እንደ አሮጌ ወንበር መፍታት ጀምሯል።