ርዕስ የሌላቸው ደብዳቤዎች

ሥራዬ የፋብሪካውን ኮምፒውተሮች መጠበቅ ነበር። ፋብሪካው ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ በኢንዱስትሪ መንደሩ ውስጥ ነው፤ ልብስ ሰፍተን ወደ ውጭ እንልካለን። ከኮምፒውተሮቹ ሁሉ የኔ የምለው አንዱን ብቻ ነበር፦ የድርጅቱ ኢሜይል የሚያልፍበትን ሰርቨር። እሱ ላይ በማውዝ የሚነካ ምስል የለም። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ በፊደል ይጻፍለታል፣ እሱም በፊደል ይመልሳል። በአንድ መስመር ትእዛዝ የፈለግሁትን ያህል ደብዳቤ ከቦታ ቦታ አዛውር ነበር። ሰው አጠገቤ ከቆመ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ቶሎ ቶሎ እጽፋለሁ። ይህን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል።

የሥራ ማመልከቻ የሚገባበት የኢሜይል ሳጥን በሰው ኃይል ክፍል ጸሐፊዋ እጅ ነበር። በዕድሜ እናቴን ያህላሉ፤ እትዬ እላቸው ነበር። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ስለሆኑ ይሁን አላውቅም፣ ሰዓት አክባሪ ናቸው። ጠዋት እንደገቡ ማመልከቻዎቹን አንድ በአንድ ከፍተው በደብተር ይመዘግባሉ። አንድ ቀን ቢሯቸው ስገባ ተማርረው አገኘኋቸው።

“አቦ፣ ይሄ ቆሻሻ ገደለኝ” አሉኝ። “ሎተሪ ደርሶሻል ይላል፣ መድኃኒት ግዢ ይላል። እውነተኛውን ሰው ከመሀሉ ፈልጌ ማውጣት አቃተኝ፣ ልጄ።”

“ለዚህ ነው እንዴ? ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም” አልኳቸው።

ሳየው አብዛኛው ቆሻሻ የርዕሱ ቦታ ባዶ ነው። እናም ወደዚያ ሳጥን ርዕስ ሳይኖረው የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ፣ እኔ ብቻ ወደማየው ፎልደር እንዲሄድ የሚያደርግ ሕግ ጻፍኩ። በየሳምንቱ ገብቼ አየዋለሁ ብዬ ነበር። አንድም ቀን አላየሁትም። በማግስቱ ሳጥኑ ጸዳ፣ እትዬም መረቁኝ። እኔም ምሳ ላይ ለባልደረቦቼ “በአንድ መስመር” እያልኩ አወራሁ።

ያላሰብኩት ነገር ነበር። ከገጠር ቀበሌዎች በስልኩ የሚያመለክት ሰው ርዕስ አይጽፍም። የትምህርት ማስረጃውን ፎቶ አንስቶ፣ አያይዞ፣ ይልካል። ርዕስ ጻፍ ብሎ የነገረው የለም።

ሁለት ወር ገደማ ሲያልፍ፣ እትዬ ቢሮ ፕሪንተር እያስተካከልኩ ሳለ አንዲት ወጣት ሴት ገባች። ከገጠር ቀበሌዎቹ አንዱ ከሆነው ከዋሂል ነው የመጣችው። ስልኳን ወደ እትዬ ዘረጋች።

“ልኬያለሁ። ይኸው፣ ተልኳል ይላል።”

“እህቴ፣ እኔ ጋ አልደረሰም። ደብተሩን እይው።”

“ባለፈውም አልደረሰም ብላችሁ መለሳችሁኝ። ሥራው ለዘመድ ነው የሚሰጠው ሲሉኝ አላመንኩም ነበር።”

ድምፅዋ ከፍ ሲል ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጣ። ነገሩን ሰማና ወደኔ ዞረ። “ይሄን የምታውቀው አንተ ነህ። ደርሷል ወይስ አልደረሰም?”

“አያለሁ” ብዬ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። የልጅቷን ስም በትእዛዙ ላይ ጽፌ ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ መልሱ መጣ። ደብዳቤዋ እዚያው ፎልደር ውስጥ ነበር። ከሷ ሌላ፣ ከቆሻሻው ጋር ተቀላቅለው፣ አርባ አንድ እውነተኛ ማመልከቻዎች ነበሩ። ሁሉንም ስማቸውን አነበብኩ። ከዚያ ተነስቼ “ጥፋቱ የኔ ነው” ማለት ነበረብኝ። ግን ለሥራ አስኪያጁ ስልክ ደውዬ “ኔትዎርኩ አስቸግሮኛል፣ እያጣራሁ ነው” አልኩት። ልጅቷ ወደ ዋሂል ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ሕጉን ሰረዝኩና አርባ ሁለቱን ደብዳቤዎች ወደ እትዬ ሳጥን መለስኳቸው። ለዚህም አንድ መስመር በቃኝ። ነገ ያገኟቸዋል፣ ይመዘግቧቸዋል፣ ማንም ሳይጠይቅ ነገሩ ያልቃል ብዬ አሰብኩ።

ደብዳቤዎቹ ግን የተመለሱት መጀመሪያ የመጡበትን ቀን እንደያዙ ነው። ጠዋት እትዬ ሳጥኑን ሲከፍቱ አርባ ሁለት ያልተነበቡ ማመልከቻዎች ከነቀናቸው ተደርድረው ጠበቋቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። እሳቸው ራሳቸው ሄደው ለሥራ አስኪያጁ አሳዩት።

“ሁለት ወር ሙሉ ሳይከፈት?” አላቸው።

“እኔ እንጃ። ትናንት አልነበረም ብል ማን ያምነኛል?”

አስጠራኝ። ቆሜ ስክሪኑን አየሁ። “ቀኑ ትክክል ነው?” አለኝ።

“ትክክል ነው” አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እትዬ አጠገቤ ቆመው የመነጽራቸውን ጫፍ ይነካኩ ነበር። በሳምንቱ ወደ ጨርቅ መጋዘን ተዛወሩ።

ከዚያ በኋላ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። አንድ ቀን ግን በሠራተኛ ሰርቪስ ስንመለስ አጠገቤ ተቀመጡ። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ እየተሻገርን ሳለ፣ ከታች ያለውን ደረቅ አሸዋ እያዩ፣ በዝግታ አወሩኝ።

“አርጅቻለሁ መሰለኝ፣ ልጄ። በየቀኑ የማየው ሳጥን ነው እኮ። አርባ ደብዳቤ ዓይኔ እያየ እንዴት ያልፈኛል? ለልጄ ነግሬያት አሁን የደም ግፊት መድኃኒቴን እሷ ናት የምትሰጠኝ፣ ደግሜ እንዳልውጥ። በሬን ቆልፌ ሦስቴ እመለሳለሁ።”

“ሥራ በዝቶብዎት ነው፣ እትዬ” አልኳቸው።

ካደረግሁት ሁሉ ይህች ዓረፍተ ነገር ትብሳለች። ጥፋተኛው እኔ ሆኜ አጽናኝ ሆንኩ። እሳቸውም “እግዜር ይስጥህ” ብለውኝ ከዚራ ሰፈር ስንደርስ ወረዱ።

አራት ቀን ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት መጋዘን ገባሁ። በጨርቅ ጥቅሎቹ መሀል ቆመው ወረቀት ከዕቃ ጋር ያመሳክሩ ነበር። ሕጉን፣ ፎልደሩን፣ መልሼ ማስገባቴን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ንግግሬን ለራሴ ደጋግሜ ተለማምጄው ነበር፤ ሲወጣ ግን ተምታታብኝ። ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

“እኔ አልዘነጋሁም ማለት ነው?”

“አልዘነጉም።”

“ጠዋት ጠዋት ሳይ፣ ደብዳቤዎቹ እዚያ አልነበሩም?”

“አልነበሩም።”

ጥቅሉ ላይ ተቀመጡ። ከቦርሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ደወሉ። “ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒቴን እኔው እወስዳለሁ” አሏት። “ምንም አልሆንኩም፣ ቤት ስገባ እነግርሻለሁ።” ከዚያ ወደኔ ቀና አሉ። “ይምጡ፣ ሥራ አስኪያጁ ጋ አብረን እንሂድ። የሚናገሩት ግን እርስዎ ነዎት።”

እርስዎ አሉኝ። እንደ ባዕድ።

ሥራ አስኪያጁ እስከመጨረሻው ሰምቶ “ቀኑ ትክክል ነው ብለኸኝ አልነበር?” አለ።

“ብያለሁ።”

“እሳቸው እዚህ ቆመው እያሉ?”

“አዎ።”

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። እባረራለሁ ብዬ ጠብቄ ስለነበር ቀለለኝ፤ ስለቀለለኝም አፈርኩ። እትዬን ወደ ቦታቸው ይመለሱ ሲላቸው፣ ጥፋት እንደሌለባቸው ተጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ካልወጣ አልመለስም አሉ። ተጻፈ፣ ወጣ። ስሜም እዚያው ወረቀት ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ለአርባ ሁለቱም ሰዎች ደውዬ የሆነውን በራሴ አፍ እንድናገርና፣ አዲስ ሠራተኛ ሲፈለግ ማመልከቻቸው ቀድሞ እንደሚታይ እንድገልጽ ታዘዝኩ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንዳንዱ ስልክ አይሠራም። አንዱ ሥራ ይዣለሁ ብሎ ሳቀ፣ ሌላው ዘጋብኝ። የዋሂሏን ልጅ ፈርቻት ለመጨረሻ አስቀረኋት። የሆነውን ነገርኳት።

“ደብዳቤውን በስልኬ የላከልኝ አጎቴ ነው” አለችኝ። “አልደረሰም ስትሉኝ፣ መላክ ሳትችል እችላለሁ ብለህ አበላሸህባት ብለው ቤት ውስጥ የወቀሱት እሱን ነው። ለሱ ንገረው።” ስልኩን ሰጠችው።

ሰውየው ኦሮምኛና ሶማልኛ እያቀላቀሉ ረጅም ሰላምታ ሰጡኝ፤ ጤናዬን፣ ቤተሰቤን፣ እኛ ዘንድ ዝናብ መጣል አለመጣሉን ጠየቁኝ። የድሬ ልጅ ነኝ፣ ገበያ ላይ በሁለቱም እግባባለሁ። ጥፋቴን ለመናገር ግን ቃል አጠረኝ። በኦሮምኛ ጀምሬ፣ ሲያቅተኝ አማርኛ እየጨመርኩ፣ ደብዳቤው በደንብ እንደተላከ፣ የደበቅሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።



“ቆይ” አሉኝ በአማርኛ። “ድምፁን ላውጣው። የወቀሱኝም ይስሙ።”

የብዙ ሰው የእግር ኮቴ ሰማሁ። አንዲት ሴት ማነው ብላ ጠየቀች፣ ሌላ ሰው ዝም አሰኛት።

“በል፣ ከመጀመሪያው” አሉኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ።