ጆንያና ካርቶን

ባለፈው ዓርብ በልጄ መኪና ከአቡዳቢ ወደ አል ዓይን ከተማ ስንሄድ፣ ሉሉ ከኋላ ወንበር ካርቶን ውስጥ ሆና ታለቅስ ነበር። ሉሉ የልጅ ልጄ ድመት ናት። አዲሱን ሶፋ በጥፍሯ ዘለዘለችው።

«እማዬ፣ ኸላስ፣ በቃ፤ ኦአሲሱ የቴምር እርሻ ውስጥ ብንተዋት ጥላም ውኃም አላት» አለኝ ልጄ መሪውን እንደያዘ።

እኔ ግን ድምጿን ስሰማ ልጅ ሳለሁ ቤታችን የነበረችው ውሮ ትዝ አለችኝ። ውሮ ከቅሉ ቅቤ ሰርቃ በላች። አባቴ ጆንያ ውስጥ ከተታት፣ መንገዱ እንዲጠፋት ጆንያውን አሽከረከረውና ወንዝ ማዶ ጥሏት መጣ። ሰንብታ አንድ ማለዳ እያነከሰች ተመለሰች። በአፏ የያዘችውን አይጥ አባቴ እግር ሥር አስቀመጠችና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተሻሸች።

አያቴ መደቡ ላይ እንደተቀመጠች፣ «እሷ ቂም እንኳ አልያዘችብህም። አንተ ያችን ቅቤ መቼ ነው የምትረሳት?» አለችው።

አባቴ ጆንያውን ከተሰቀለበት አወረደ። በዚያ ቀን ከወንዙም አልፎ ርቆ ሄደ፤ ውሮን ዳግመኛ አላየናትም።

ልጄ ካርቶኑን የቴምር ዛፎቹ መሃል ከፈተው። ሉሉ ወጣች እንጂ አልሸሸችም፤ እግሩ ላይ ተሻሸች። እሱ ሱሪው ላይ የቀረውን ፀጉሯን አራግፎ መኪናውን አስነሳ።

አቡዳቢ ስንደርስ የልጅ ልጄ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«አያቴ፣ ሉሉ መመለሻ መንገዱን አይታዋለች?»

«ካርቶኑ ዝግ ነበር» አልኳት።