ፖንቲያክ በሸቭሮሌ ካምቢዮ

የጎረቤታችን የአቶ ደልበርት ሃክስ የቀን ወጪ ብዙ የሚባል አይደለም። ጠዋት ከማደያው ሱቅ ቡናና ዶናት፣ አራት ዶላር ገደማ። ቀትር ላይ የጉልበት ሕመም ኪኒን፣ እሱን ጡረታቸው ይችለዋል። ከሰዓት ደግሞ ግቢያቸው ውስጥ ለቆመችው የ1967 ፖንቲያክ መኪና አንድ የሆነ ብረት ይገዙና ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ማርሊስ የዋጋውን ግማሽ ይናገራሉ። ወይዘሮ ማርሊስም የሰሙትን በሁለት ያባዛሉ። ትዳር የሚጸናው እንዲህ ነው።

እዚህ ኮኮሞ፣ ኢንዲያና ውስጥ ካምቢዮ ፋብሪካ ውስጥ ያልሠራ ሽማግሌ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። አቶ ደልበርትም ዕድሜያቸውን እዚያው ነው የጨረሱት፤ በማሸጊያ ክፍል። ይቺን ዝርዝር ካልተጠየቁ አያነሷትም፤ ሲጠየቁም ጆሯቸው ትንሽ ይደክማል።

ፖንቲያኳ ዓመታት ሙሉ "የሚቀጥለው ቅዳሜ" ስትነሣ ኖራለች። በዚህ ጸደይ ግን ከማዘጋጃ ቤት ወይዘሮ ፒኔል የሚባሉ ተቆጣጣሪ መጡና ዙሪያዋን ዞሩ።

"አቶ ሃክስ፣ በራሷ ጉልበት የማትንቀሳቀስ መኪና ግቢ ማቆም ክልክል ነው። እስከ ዓርብ ካልተንቀሳቀሰች ተጎትታ ትወሰዳለች።"

"የጎደላት እኮ ካምቢዮ ብቻ ነው።"

"የጎደላትን አልጠየቅኩዎትም" ብለው ሄዱ።

አቶ ደልበርት በማግስቱ ከተማው ዳር ካለው የአሮጌ መለዋወጫ ገበያ አውቶማቲክ ካምቢዮ ገዙ። ሻጩ "ለሁሉም ይገጥማል" አላቸው። ስንት ዘመን ካምቢዮ ሲያሽግ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ መሳቅ ነበረበት። እሳቸው ግን ዋጋ አስቀንሰው፣ እንደ ሙሽራ አጅበው ይዘውት መጡ።

ካምቢዮው ለሸቭሮሌ ሞተር የተሠራ ነበር። የፖንቲያክና የሸቭሮሌ ካምቢዮ አንድ ኩባንያ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሆድ ዕቃቸው አንድ ነው። ከሞተር ጋር የሚጋጠሙበት ፊት ላይ ያሉት የቡሎን ቀዳዳዎች ግን ጭራሽ አይተዋወቁም። አቶ ደልበርት ይህን የተረዱት መኪናዋ ሥር ተጋድመው፣ ካምቢዮውን በክሪክ ካነሡት በኋላ ነው።

"ገጠመ?" አሉ ወይዘሮ ማርሊስ ከበረንዳው።

"ሁለት ቡሎን ገብቷል!"

"መግባት ያለበት ስንት ነው?"

"ሁለቱ በጣም ጠንካራ ናቸው።"

"ደል፣ ውጣ ከዚያ ሥር! ባል መቅበር ሲያምረኝ ራሴ እነግርሃለሁ።"

ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ አቶ ሮስኮ ታልማን ይኖራሉ። እሳቸውና አቶ ደልበርት ከተኳረፉ ቆይተዋል። በድንበር ወይም በልጅ ተጣልተው እንዳይመስላችሁ፤ ሸቭሮሌ ይበልጣል፣ ፖንቲያክ ይበልጣል ተባብለው ነው። ወይዘሮ ማርሊስ ግን ከአቶ ሮስኮ ሚስት ጋር ስልክ ይደዋወላሉ። ያን ቀን ሲያወሩ አቶ ሮስኮም ለአሮጌ ሸቭሮሌ ፒክ አፓቸው ከዚያው ሻጭ ካምቢዮ ገዝተው ኖሯል፤ ያም ለሁሉም የሚገጥም፣ ያም እምቢ ያለ። የሳቸው ደግሞ የፖንቲያክ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ነገሩን በስልክ ጨረሱት። የቀረው ለባሎቻቸው የገዛ ሐሳባቸው እንዲመስላቸው ማድረግ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ሮስኮ ካምቢዮውን በእጅ ጋሪ እየገፉ መጡ።

"ጋራዤን አጣበበብኝ" አሉ አስፋልቱን እያዩ። "የምትጥልበት ቦታ ካለህ ብዬ ነው።"

"እንግዲህ ካስቸገረህ አስቀምጠው። እኔም አንድ ለአንተ የገዛሁት ዕቃ አለ።"

"ለእኔ? ሳታናግረኝ?"

"ላስደንቅህ ብዬ ነዋ።"

"አስደንቀኸኛል።"

ተሳስቻለሁ የሚል ቃል ከሁለቱም አፍ አልወጣም። አቶ ሮስኮም እጅጌያቸውን ሰብስበው አብረው ገቡበት። ካምቢዮው ያለ ትግል ከሞተሩ ጋር ገጠመ፤ ቡሎኖቹም በሙሉ ገቡ። "ለፖንቲያክ ጥሩ ነው" አሉ አቶ ሮስኮ። ከሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ዓርብ ወይዘሮ ፒኔል መጡ። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ሞተሩ ሳለ፣ አጨሰ፣ ተነሣ። አቶ ደልበርት መሪው ሥር ያለውን የማርሽ እጀታ ሳቡት፤ ፖንቲያኳም በክብር ወደ ኋላ ሄዳ የወይዘሮ ማርሊስን የቲማቲም መደብ ደፈጠጠች። ለካ ማርሹን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ዘንግ የድሮው ነው፤ አጥሮ ከኋላ ማርሽ አያልፍም።

"ወደ ፊትስ?" አሉ ወይዘሮ ፒኔል።

"ሕጉ ወደ ፊት ይላል?"

ሴትየዋ የያዙትን ደንብ አገላብጠው አዩ። "አይልም። ግን በመጸው እመለሳለሁ፤ ያኔ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ስትወጣ ማየት እፈልጋለሁ።"

ሰፈሩ አጨበጨበ። ወይዘሮ ማርሊስ ብቻ ቲማቲሙን ያዩ ነበር።

አቶ ደልበርት ይህን እንደምጽፍ ሲሰሙ ለአንባቢ አድርሺልኝ ያሉኝ እንዲህ ነው፦ "ማርሹ መሪ ሥር ለሆነ የ1967 ፖንቲያክ የሚሆን የማርሽ ዘንግ ያላችሁ፣ እባካችሁ ቅጠሉ ሳይረግፍ አምጡልኝ። ትሸጣታለህ ወይ ልትሉኝ የምትመጡ ግን መንገዳችሁን ቀጥሉ።"