ራስ የሌለው ሽንኩርት

ባሮ ሽንኩርት መትከል የጀመርሁ ቀን ነው ጓሮዬን ሊወስዱብኝ እንደሚችሉ የገባኝ። ቀበሌያችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብላ ነው። ባሌ ከሞተ ገና ዓመቱ አልሞላም። ጎንበስ ብዬ መደቡን በሹል እንጨት እየወጋሁ ቀና ስል፣ የባሌ ታላቅ ወንድም አያ ታረቀኝ አጥሩን ተደግፈው ያዩኛል።

«እታለም፣ ይኼ ሁሉ ጉድጓድ ለማን ነው? አይጥ ልትቀብሪ ነው?»

«ሽንኩርት ነው አያ።»

«እንዲያ ነው? እንግዲህ ይብቀልልሽ። ያልለማ ጓሮ ለሚያለማ ይሰጣል እየተባለ ነው፤ ሰምተሻል አይደል?»

ሳቁ። ዓይናቸው ግን ጓሮውን ይለካ ነበር። ያች ጓሮ ከሄደች እኔና ልጄ የምንበላባት ሌላ የለንም። ጎንበስ ብዬ የሚቀጥለውን ጉድጓድ ወጋሁ።

ዘሩን የሰጠኝ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጌትነት ነው። ሰው የሚያከብር ልጅ ነው፤ እኔ ግን አላመንሁትም። ዘሩን በሰጠኝ ሳምንት ከአያ ታረቀኝ ቤት ጠላ ሲጠጣ አይቸዋለሁ።

የነገረኝም የሚታመን አልነበረም። ችግኙ እርሳስ ሲያክል ይነቀላል። የሥሩም የቅጠሉም ጫፍ ይቆረጣል። ስንዝር በሚሆን ጉድጓድ ውስጥ ይጣላል። ከዚያ አፈር አይመለስም፤ ውኃ ብቻ ይፈስበታል፣ አፈሩ በራሱ ጊዜ ይገባል። ችግኝ ተክሎ ጉድጓዱን ክፍት የሚተው ማን አለ? ሁለቱ መክረውብኛል አልሁ። ቢሆንም ሌላ ዘር ስለሌለኝ እንዳለኝ አደረግሁ።

ተክሉ በቀለ፤ ግን ሣር መሰለ። የአበሻ ሽንኩርት ራስ በሚቋጥርበት ጊዜ አንዱን ብነቅለው ራስ የለውም። ሌላ ነቀልሁ፤ የለውም። በነጋ በጠባ እየነቀልሁ ማየት ሥራዬ ሆነ። መደቡ ሳሳ።

ጌትነትን መንገድ ላይ ያዝሁት። «አንተ ልጅ፣ ራስ የሌለው ሽንኩርት ሰጥተህ ከማን ጋር ነው የምትስቅብኝ?»

«እትዬ ውባለም፣ የዚህ ራስ አይጠበቅም። የሚበላው ነጩ አገዳው ነው። አፈር ያስታቅፉት፣ ይረዝማል።»

«ከአያ ታረቀኝ ቤትስ ምን ስትመክሩ ነበር?»

«ጠላ ነዋ! ጠላ ለመጠጣትም እርስዎን ላስፈቅድ?»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በገበያ ቀን ጥቂቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ቡሬ ወረድሁ። አንዲት የሆቴል ወጥ ቤት ዘንድ ገብቼ አሳየኋት።

«ውይ፣ ባሮ! ከየት አገኘሽው? ለሾርባ እኮ ከባሕር ዳር ነው የምናስመጣው። ምነው ታዲያ በእንጭጩ ነቀልሽው? ነጩን አርዝመሽ አምጭልኝ።»

መጀመሪያ ከአያ ታረቀኝ ጋር ዝምድና እንዳላት ጠየቅኋት። ስማቸውንም ሰምታ አታውቅም። ያን ጊዜ አመንሁ።

ከዚያ ወዲያ መንቀል ተውሁ። በደንብ የበሰለ ፍግ ጨመርሁበት። ባደገ ቁጥር አፈሩን ከግራ ከቀኝ በዶማ እየሳብሁ አስታቀፍሁት። ቅጠሉ ከሚከፈትበት በላይ ግን አላሳለፍሁም፤ አፈር ከገባበት ታጥቦም አይጠራም።

አንድ ጠዋት ውኃ ቀድቼ ስመለስ አያ ታረቀኝ መደቡ ውስጥ ናቸው። በእጃቸው ሙሉ ባሮ ይዘዋል።

«አረም ላግዝሽ ብዬ ነው እታለም። ሣር ውጦሻል።»

አውቀው ይሁን ሳያውቁ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አመስግኜ ሸኘኋቸውና በሩን በእሾህ ዘጋሁት።

እንደፈራሁትም ሆነ። ሣር አብቅላለች ተብዬ ተከሰስሁና የመሬት ኮሚቴው ጓሮዬን ሊያይ መጣ። ልጄ ቀሚሴን ይዛ አልለቅ አለች። የኮሚቴው ሽማግሌ አባ ይትባረክ በከዘራቸው ቅጠሉን ገለጥ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ባሮ በጉልበት ከተሳበ ይበጠሳል። ሥሩን በዶማ አላላሁና አወጣሁት። አፈሩን ባራግፈው ነጩ ከክንዴ እኩል ነበር።

አያ ታረቀኝ አንገታቸውን አሰገጉ። «ራሱስ የታለ?»

«ራስ የለውም አያ። እኔም ስፈልገው ስንቱን ፈጅቻለሁ።»

አባ ይትባረክ አሸተቱት፤ ጫፉንም ቆርጠው አኘኩት። «ሽንኩርት ነው» አሉ። ቀጥለው ዞሩና፣ «ታረቀኝ፣ በመንገዳችን ያንተንም ጓሮ አይተናል። ያንተ ግን ሲያኝኩትም ሣር ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጓሮው ለምቷል፣ ከእጇ አይወጣም ተብሎ ተለያየን።

ያን በጋ ባሮውን ቡሬ አወረድሁ፤ እስከ ዛሬም አወርዳለሁ። ባሮ የምትተክሉ ጉድጓዱን ክፍት ተዉት፣ አፈር አስታቅፉት፣ ራስ አለው ብላችሁ አትንቀሉት። ጓሮው በእኔ ስም ነው። እኔም ልጄም እዚያው አለን። አሁን ደኅና ነን።