የአባ ቱንቢ አውራ ጣት

የከተማው ግንበኞች ለሳኙን «አባ ቱንቢ» ይሉታል፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ በሚለካበት በቱንቢው ስም ማለት ነው። አክብረውት አይደለም፣ ፈርተውት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲለስን የኖረ፣ ምላሱ ግን ከእጁ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። የተለማማጅ ሥራ ሲያይ መዳፉን በልስኑ ላይ ቀስ አድርጎ ይጎትትና «ይሄን ሰው ነው የለሰነው ወይስ ዶሮ ጭራው?» ይላል። ቀጥሎ «አፍርሰው!» ይመጣል። ስንቱን አስለቅሷል! የራሱን ሥራ ሲጨርስ ደግሞ ልስኑ ሳይደርቅ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ጥጉ ላይ አውራ ጣቱን ይጭናል። ጣቱ ድሮ በመጋዝ ጫፉን ያጣ ስለሆነ አሻራው ከማንም ጋር አይምታታም።

ካስለቀሳቸው አንዱ ዛሬ ሥራ ተቋራጭ ሆኗል። የመንግሥት ሆስፒታል ለመገንባት ሲጫረት፣ ልስኑን የሚሠራው አባ ቱንቢ ነው ብሎ በሰነዱ ላይ አሰፈረ፤ ጨረታውንም በዚያ ስም አሸነፈ። ካሸነፈ በኋላ፣ ልስኑ ገና እንደተጀመረ፣ ሥራውን ነጥቆ ለሚስቱ ወንድም ሰጠው። ምክንያቱ «ጋሼ፣ ደክሞዎታል፤ ይረፉ» የሚል ብቻ ነበር።

አባ ቱንቢ ይረፍ ይባላል እንዴ! ደንቡ ግልጽ ነው፦ በጨረታ የተመዘገበ ንዑስ ተቋራጭ ራሱ በጽሑፍ ካልለቀቀ ወይም ሥራው ብልሹ መሆኑ ካልተረጋገጠ አይቀየርም። ለአሠሪው መሥሪያ ቤት አቤት አለ።

የአባ ቱንቢ ሚስት «አንተ ሰው፣ ዓይንህ ከድቶሃል፤ ምናለ ብትተወው?» አለችው።

«እኔ የማየው በመዳፌ ነው!»

እውነትም ዓይኑ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከእሷ በቀር ማንም ያወቀበት አይመስለውም። ይህ ሥራ ካመለጠው ሌላ የሚሰጠው እንደሌለ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

አቤቱታውን የሚያጣራ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ሁለቱን ይዞ የሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ሃያ አራት ክፍሎች አሉ፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። ተቋራጩ አንዱን በር ከፈተና አንገቱን ደፍቶ «እኔ ምንም አልናገርም። ስለዚህ ልስን ጋሼ ራሳቸው ይፍረዱ» አለ። እንዲያ ትሑት ሲሆን መጠርጠር ነበር።

አባ ቱንቢ ግን ደስ አለው። መዳፉን ግድግዳው ላይ ጎተተና ፊቱ በራ። «ኑ፣ ንኩት! ይሄ ግድግዳ ነው ወይስ የታረሰ ማሳ? ይሄን የለሰነ ሰው ሁለተኛ ግድግዳ እንዳይነካ ቢከለከል ለአገር ይጠቅማል። ጻፉልኝ!»

«እርግጠኛ ነዎት፣ ጋሼ?» አለ ተቋራጩ።

«ተሳስቼ እንደሆነ ጣቴን ቁረጡት!»

ጸሐፊዋ ጻፈች፤ እሱም ፈረመ። ያኔ ተቋራጩ ቁጢጥ ብሎ የስልኩን መብራት ጥጉ ላይ አበራ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ጫፉ የጎደለ አውራ ጣት ታትሟል። አባ ቱንቢ ከመባረሩ በፊት በዚህ ፎቅ አንዲት ክፍል በገዛ እጁ ለስኖ ነበር፤ ያቺ ክፍል ግን ሁለት በር አልፎ ያለችው መስላው ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከኮሚቴው አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አባ ቱንቢ ተንበርክኮ ጣቱን አሻራው ላይ ቢያሳርፈው ልክክ አለ። መዳፉ አልዋሸውም፤ ግድግዳው በእርግጥ ብልሹ ነበር። ዕድሜ ልኩን ለሰው የነፈገውን ምሕረት አሁን ከማን ይለምናል?

ኮሚቴው፣ አባ ቱንቢ የራሱን ሥራ ብልሹነት በፊርማው ያረጋገጠበትን ቃለ ጉባኤ ይዞ ሲወርድ፣ ተቋራጩ መዶሻና መሮ አስመጥቶ አቀረበለት።

«ጋሼ፣ ያኔ ያሉኝን ያስታውሳሉ?»

«አላስታውስም» አለ። እውነቱን ነው፤ ለስንቱ ያለውን ያስታውሳል?

«አፍርሰው ነው ያሉኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።»

እስኪመሽ ሲያፈርስ ዋለ። ልስኑ ወጣ ገባ ቢሆንም ጡቡን አጥብቆ ስለያዘ በቀላሉ አልወረደም። የአዲሱ ለሳኝ ሠራተኞች በሩ ላይ ቆመው ያያሉ፤ አራቱ እስካለፈው ወር የእሱ ነበሩ። በመጨረሻ አሻራው ያለባት ጥግ ብቻ ስትቀር መዶሻውን አስቀመጠና አቧራውን አራገፈ።

«እሷም ትውረድ፣ ጋሼ» አለው ተቋራጩ ከበሩ።