የመርፌዋ ቀን

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ትዳሩን ያወራኛል፤ እኔም ምክር ቸግሮኝ አያውቅም። የራሴን ጉድ ግን ለአንዳቸውም ትንፍሽ አላልኩ።

ሚስቴ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሦስተኛዋን ልጃችንን ሚጡን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ "ሌላ እርግዝና ለሕይወቷ ያሰጋል" አለን። በየሦስት ወሩ የመከላከያ መርፌ እንድትወጋ ተስማማን። የጤና ጣቢያው ወረፋ ከሕፃን ጋር አይቻልምና በቀጠሮዋ ቀን ሚጡን ሥራ ቦታዬ ይዣት እውላለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሄድን።

አንድ ቀን ሚጡን አዝዬ አንዱን ሾፌር ስላጨው፣ "አንተ፣ ሞግዚት ሆንክ እንዴ? ቀሚሱንስ መቼ ነው የምትለብሰው?" አለኝ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን እርር አለ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሚስቴ ሚጡን ይዛልኝ ስትመጣ ያው ሾፌር ተቀምጧል። "ዛሬ ሥራ በዝቷል፤ ለሰኞ አድርጊው" አልኳት።

"ቀኑ ያልፍብኛል እኮ፣ አንተ ሰውዬ!"

"ሰኞ አልኩሽ አይደል!"

ሰኞ ስትመጣ "ለሐሙስ" አልኳት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። መርፌውን እንዳልተወጋች እያወቅሁ እንደ ወትሮው አብሬያት ተኛሁ። ምነው ያኔ እግሬን በሰበረው!

አረገዘች። ትናንት ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ካርዷን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ተቆጣቻት።

"ቀጠሮሽን ለምን አሳለፍሽ? ተነግሮሽ የለም?"

"ረሳሁት፣ እህቴ" አለች ሚስቴ፣ አንገቷን ደፍታ።

የሰፈሩን ሴት ሁሉ የልብስ ልክ በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት፤ ምን ትረሳለች! ሆድ ይፍጀው ብላ ነው። "ኧረ ጥፋተኛው እኔ ነኝ" ልል አስቤ ነበር፤ አፈርኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

ነርሷ ወደ ሆስፒታል የሚልካትን ወረቀት ጻፈች። "ያለፈው ዓይነት ደም ከመጣ እኛ አንችለውም" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ፈገግ አለችልኝ።

"አንተ ግን በርታ፣ ወንድሜ። ሥራህን ዘግተህ አብረሃት መጣህ፤ እንዳንተ ያለ ባል ስንቷ አላት?"

እስቲ ፍረዱኝ፤ ሚስቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ እየሰማች፣ ነርሷን "አመሰግናለሁ" አልኳት።